በ15 ዩሮ ገንዘብ የማያስቆጭ የፈረንሳይ ቀይ ወይን

አውሮፓ ውስጥ ሰው ቤት ስንጋበዝ ወይን ይዞ መሄድ ልማዳችን ሆኗል። ግዢው ላይ ግን ብዙዎቻችን እንቸኩላለን። ሱፐርማርኬት ገብተን ወይ ርካሹን እናነሳለን፣ ወይ ስሙን የሰማነውን የፈረንሳይ ወይን፣ ቦርዶ። በ6 እና በ7 ዩሮ የሚሸጥ ቦርዶ ብዙ ጊዜ ቀጭንና አፍ የሚያኮማትር ነው። ጥቂት ዩሮ ጨምራችሁ በደቡብ ፈረንሳይ ወዳለው የወይን አካባቢ፣ ደቡብ ሮን፣ ዞር በሉ ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው።

አቪኞን ከተማ አካባቢ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሚስትራል የሚሉት ደረቅ የሰሜን ነፋስ ደግሞ እርጥበቱን ስለሚያባርር ወይኑን ሻጋታ እንዳይዘው ይረዳል። የሚበዛው ዝርያ ግረናሽ ነው፤ ሲራና ሙርቬድር ይቀላቀሉበታል። የአካባቢው ዝነኛ ወይን የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ መንደር ነው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ30 ዩሮ ያልፋል። ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ግን ዢጎንዳስ፣ ቫኬራስና ኬራን የሚባሉ መንደሮች አሉ። ዋናዎቹ ዝርያዎች እነዚያው ናቸው። ዢጎንዳስ በራሱ ስም ብቻ መሸጥ የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቫኬራስ በ1990። ኬራን ይህን ደረጃ ያገኘው ገና በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት ኮት ዱ ሮን ቪላዥ በሚል የጋራ ስም ከሚሸጡት መንደሮች ጋር ይቆጠር ነበር። ስሙ ገና ስላልገነነ ዋጋውም አልናረም። ፈረንሳይ ውስጥ በ15 ዩሮ አካባቢ ደህና ኬራን ይገኛል። ፍሬው በእጅ እንዲለቀም ደንቡ ያስገድዳል። እኔ ለራሴም ለስጦታም የምገዛው እሱን ነው።

መለያው ላይ «ሚ ዞን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚል ካያችሁ አምራቹ ራሱ በጠርሙስ የሞላው ነው ማለት ነው። ፍሬው የተለቀመበትን ዓመትም እዩ። 2016 እና 2019 ለዚያ አካባቢ ድንቅ ነበሩ። በ2021 ኤፕሪል ላይ ፈረንሳይን ውርጭ መታት፤ የዚያ ዓመት ወይን ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይጠጣል። ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ሴፕቴምበርን ጠብቁ። ሱፐርማርኬቶቹ ትልቁን የወይን ሽያጫቸውን የሚያወጡት ያኔ ነው፤ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ከቻላችሁ ስድስት ጠርሙስ የሚይዘውን ካርቶን ግዙ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ስትቀምሱ መጀመሪያ አሽትቱ። ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርጉና አፍንጫችሁን አስገቡ። ከኬራን ቀድሞ የሚመጣው የበሰለ እንጆሪ ነው። ቆየት ሲል ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ይሸታል። ሲራው ከበዛበት ቁንዶ በርበሬም አለ፤ ይህ ሽታ ሮተንዶን ከሚባል ውህድ የሚመጣ ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ስለዚህ «እኔ የወይን ሽታ አላውቅም» አትበሉ። እናቱ ጓዳ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አፍንጫ ይዞት ነው የመጣው።

ከዚያ ትንሽ ጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አንከባልሉት። ብዙ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው ድዳችሁን ከያዘው፣ ታኒን የሚባለው ነው። ጉድለት አይደለም። ወይኑን ለዓመታት ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ከጊዜ ጋርም ይለዝባል። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተታችሁ ግን ወይኑን ቡሹ አበላሽቶታል። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ጠብታ ቀድቶ የሚያስቀምሳችሁም ይህን እንድታዩ ነው። ከሸተታችሁ ሳታፍሩ መልሱት፤ ይለወጥላችኋል።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ወይን ሁሉ በቆየ ቁጥር ይጥማል የሚባለው እውነት አይደለም። በአካባቢው የጋራ ስም የሚሸጠው ተራው ኮት ዱ ሮን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት። ጥሩ ኬራን ወይም ቫኬራስ ግን ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይሄዳል፣ ዢጎንዳስ ከዚያም ያልፋል። መቼ እንደሚደርስ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ በየዓመቱ መስቀል ላይ አንድ መክፈት ነው። እንጆሪው ወደ ደረቀ ፍራፍሬ ሲሄድና ድድ መያዙ ሲቀር ደርሷል። የቀረውን አታቆዩት።

ማስቀመጫው ላይ ግን ጨክኑ። ቤታችን ጥሩ ጠርሙስ ሁሉ ሳሎን ቡፌ ላይ ቆሞ እንግዳ እንዲያየው ይደረጋል። ከጎኑ ማሞቂያ፣ ከፊቱ መስኮት። ፍሪጅ አናት ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፤ እዚያ ሙቀቱም ንዝረቱም አለ። በዚህ ሁኔታ ሁለት በጋ ያለፈ ወይን ሕይወት የለውም። የሚፈልገው ጨለማና የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ምድር ቤት ከሌላችሁ በጣም ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥን ታች አጋድሙት። የሚጋደመው ቡሹ ረጥቦ እንዲቆይ ነው፤ ከደረቀ አየር ያስገባል።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የሚለው ምክርም ዛሬ አይሠራም። አፓርታማችን 22 ዲግሪ ነው። የደቡብ ሮን ወይን ደግሞ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 ወይም 14.5 በመቶ ስለሆነ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና 16 ዲግሪ አካባቢ አቅርቡት። ገና ወጣት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ጆግ ገልብጡት። ቡሹን ነቅሎ መተው ብቻ ብዙ አይረዳም፣ አንገቱ ጠባብ ነው። የቆየውን ግን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ አተላው ይዘቅጥና ቀስ ብላችሁ ስትቀዱ ታች ይቀራል።

ብርጭቆው ሰፊ ይሁን፣ እስከ ሲሶው ብቻ ቅዱ። ለእኛ ይህ ይከብዳል፤ ሞልቶ ካልፈሰሰ እንግዳ የተናቀ ይመስለናል። ሲሞላ ግን ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ አይኖርም። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ቅዱ፣ አክብሮቱ በዚያ ይታያል። መኪና የሚነዳውን ግን አታስገድዱት።

ምግቡን በተመለከተ ከዶሮ ወጥ ጋር አትጀምሩ። በርበሬና ከፍ ያለ አልኮል ሲገናኙ እርስ በርስ ይባባሳሉ፤ ወጡ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመርራል። የጥብስ ቅጠል የገባበት የበግ ጥብስ፣ ለብ ለብ ክትፎ ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ፣ ጎመን በሥጋ፣ እነዚህ ጋር ኬራን ልክ ነው። ለዶሮ ወጡ ቀን ቦዦሌ ከሚባለው ሌላ የፈረንሳይ የወይን አካባቢ ሞርጎን የሚባለውን ግዙ። ጋሜ ከሚባል ዝርያ የሚሠራ ነው፣ ታኒኑ ለስላሳ፣ አልኮሉም ብዙ ጊዜ 13 በመቶ አካባቢ ነው። እሱን 13 ዲግሪ ላይ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡት፤ ከበርበሬ ጋር አይጣላም።