አራተኛው ስም ጠፋኝ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ቡና ላይ ደረሰ። «ጋሼ፣ እርስዎ የነበሩበት የመድፈኛ ብርጌድ ታሪኩ ከየት ይጀምራል?» አለኝ። የክፍል ሥራ ተሰጥቶት ነው። ስልኩን አውጥቶ ሊጽፍ ተዘጋጀ። እኔ ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አልሰማሁ መስሎት ጮክ ብሎ ደገመልኝ። ለነገሩ ግራ ጆሮዬ ከ1976 ጀምሮ የለም፣ መድፍ በልቶታል። ጥያቄውን ግን በደንብ ሰምቼዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ ጥያቄ ጠይቆኝ መልስ ሲያጥረኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እንዲህ ያፈርኩበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ለምን እንዳፈርኩ ልንገራችሁ።

በ1975 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጦር ውስጥ ገባሁ። ሒሳብ ትችላለህ ተብዬ ተኩስ የሚሰላበት ክፍል ተመደብኩ። ወደ ፊት የወጣው ሰው ኢላማውን አይቶ በሬዲዮ ይነግረኛል። እኔ ከሰንጠረዡ ርቀቱንና ማዕዘኑን አወጣለሁ። መድፉ ላይ ያሉት ደግሞ እኔ ያልኩትን ያስተካክላሉ። የእርሳሴ ስህተት ሰው ይገድላል ማለት ነው። ያኔ ይህን ብዙም አላሰብኩበትም፣ ልጅ ነበርኩ።

እዚያ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ የቢቸና ሰው። በጃንሆይ ጊዜ ተቀጥረው በአሜሪካ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ የጀመሩ ናቸው። ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጠን የሶቪየት መሣሪያ ሲመጣ እንደገና እንደ ምልምል ተማሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ሲያዝ እዚያው ነበሩ። እኔ ስደርስ 122 ላይ ነበርን፣ ዲ-30 የምንለው። ይህ መድፍ እግሮቹ ሦስት ናቸው፣ ሲዘረጉ ዙሪያውን ይዞራል፣ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ይወረውራል። መኪና ሲጎትተው ከአፈሙዙ ተይዞ ነው። «እንደ በሬ በአፍንጫው የሚሄድ መድፍ» ይሉት ነበር ሃምሳ አለቃው።

አንድ ነገር ላስገባ፣ ሒሳብ አስተማሪነቴ አላስችል ብሎኝ ነው። መድፈኛ ማዕዘን የሚለካው በሚል ነው፤ አሜሪካኖች ክብን ለ6400 ሚል ይከፍሉታል። ሩሲያኖች ለ6000። የአሜሪካ 1000 ሚልና የሩሲያ 1000 ሚል በዲግሪ ስታወጡት ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለው። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ከ600 ሜትር በላይ ያስታል። እንግዲህ በ6400 ያደገ እጅ ባንድ ጊዜ በ6000 ሲሠራ አስቡት። ሃምሳ አለቃው ይህን መሻገሪያ በጭንቅላታቸው ነበር የሚሠሩት። እኔ እርሳስ ስፈልግ እሳቸው መልሱን ተናግረው ቆሎአቸውን ይቆረጥማሉ።

ማታ ማታ ታዲያ ሌላ ቆጠራ ነበራቸው። እኛ አገር ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? እሳቸው መድፈኛውን እንደዚያ ይቆጥሩት ነበር። «እኔን ያስተማረኝ መቶ አለቃ እገሌ ነው። እሱን ያስተማረው እገሌ። ያንን ደግሞ እገሌ» እያሉ እስከ ዓድዋ ይወርዱ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ሰው በ1888 ከበጅሮንድ ባልቻ ሥር ሆኖ የሆችኪስ መድፍ ያጎረሰ ነው ይላሉ። እውነት ይሁን የጦር ሰፈር ወሬ አላውቅም። ግን ሲቆጥሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

አንድ ቀን ላስቸግራቸው ብዬ «ሴባስቶፖልስ?» አልኳቸው። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሯት፣ መቅደላ ድረስ ያስጎተቷት፣ ሰባት ቶን ገደማ ትመዝናለች የሚባለው መሆኗ ነው። «እሷ ልጅ አልወለደችም» አሉኝ። «ንጉሡ በ1860 ሲሞቱ መድፏ ተራራው ላይ ቀረች፣ ሠሪዎቿ ተበተኑ፣ ሙያውን የወረሰ የለም። መድፍ ቢቀር ምን ዋጋ አለው? አንተ ልጅ፣ የብርጌድ ታሪክ ስትጽፍ ስንት መድፍ ነበረው ብለህ አትጀምር። ማን ማንን አስተማረ ብለህ ጀምር።»

ስትጽፍ ያሉኝ እኔን ነው። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ ስሞቹን በደብተር እንዳወርድላቸው ሰባት ስምንት ጊዜ ለምነውኛል። እሳቸው ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከብዳቸው ነበር። እኔም ሁልጊዜ «ነገ» እላለሁ። ነገ ጥበቃ አለብኝ፣ ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ነገ ደክሞኛል። እውነቱን ከተናገርኩ ይሰለቸኝ ነበር። የሽማግሌ ወሬ ነዋ!

የካቲት 1983 ደረሰ። ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎት ነበር። ስሙን በኋላ ነው የሰማሁት፣ ሃምሳ አለቃው ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ማፈግፈግ ሲጀመር ወረቀት አቃጥል ተባልኩ። የታዘዝኩት ሚስጥር የሆነውን ብቻ ነው። እኔ ግን መለየቱ ሰለቸኝና ሁሉንም በርሜል ውስጥ ጨመርኩት። የብርጌዱ የዕለት መዝገብም አብሮ ገባ፣ ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን የትኛው መድፍ ላይ እንደሠራ የተጻፈበት። ሰማያዊ ሽፋኑ እሳቱ ሲነካው ቶሎ አልያዘም፣ እየተጠቀለለ አረፋ አወጣ። በእንጨት ገፋ አደረግሁት። እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ ነው፣ በእንጨት መግፋቴ።

ደጀን ደረስን። ወደ አባይ ከመውረዳችን በፊት አንድ መድፍ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ዳር ቀረ። ሃምሳ አለቃው ሌላ ሰው እንዳይተኩስበት የመድፉን መነጽርና መዝጊያውን ልፍታ ብለው ወረዱ። እኔን በመስኮት አይተው «ደብተርህን ይዘሃል?» አሉኝ። «ይዣለሁ፣ ሲደርሱ እንጽፋለን» አልኳቸው። ደብተር አልያዝኩም ነበር። መኪናችን ጠመዝማዛውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

እንግዲህ ልጁ የጠየቀኝ ይህንን ነው።

አሁን ምክር ስጥ ካላችሁኝ፣ ጠንክራችሁ ተማሩ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ይገርመኛል። አያታችሁ ሲያወራ ስልክ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ቲክቶክ ታገላብጣላችሁ፣ አያታችሁ ሲሞት ደግሞ ፎቶውን ለጥፋችሁ «ነፍስ ይማር» ትላላችሁ። ያንን ስልክ ጣሉት! ቆይ፣ አትጣሉት። እኔ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ ሃምሳ አለቃውን አሥር ደቂቃ ቀድቼ ዛሬ በሰላም ቡናዬን እጠጣ ነበር። አስቀምጡትና ቅዱበት። ጥያቄ አታብዙ፣ ሽማግሌ ሲጠየቅ ይቆጠባል፣ ዝም ሲሉት ነው የሚያወራው። የእኔ አያት በ1933 ቡሬ ላይ የጣሊያን ምሽግ ሲተኩስ ጤፍ ጎተራ ሥር ተደብቆ እንደነበር ያወራኝ ማንም ሳይጠይቀው ነው። ምሽጉን ያጠቁት የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ሰዎች ሞርታር እንጂ መድፍ እንዳልነበራቸው ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሽማግሌው «የሚጮኸው ሁሉ ከምሽጉ ነበር» ያለኝ ልክ ነበር ማለት ነው።

ስለ መድፍ ይህን ያህል ማውራቴ ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። አልናፈቀኝም። ደህና፣ ጠዋት ጠዋት የባሩዱ ሽታ ትንሽ ይናፍቀኛል፣ እሱን አልክድም።

ልጁን «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ ሸኘሁት። ከሃምሳ አለቃው ወደ ታች ሦስት ስም አስታወስኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ትናንት ደጀን ያለ የድሮ ጓደኛዬን ደወልኩለት። እሱም ቢሆን ሙሉውን አያውቀውም፣ ግን በ«ወ» ይጀምራል አለኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ወልዴ፣ ወርቁ፣ ወንድሙ፣ ወንዳፍራሽ እያልኩ በሃምሳ አለቃው ድምፅ እሞክረዋለሁ። ባለቤቴ «ማንን ነው የምትጠራው?» ትለኛለች።