ራዲያተሩን ከማወፈርህ በፊት አየሩን ያዘው

አንድ ወንድማችን ከአዲስ አበባ የላከልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ በፈረንጆች 2004 የተሠራ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ አለኝ፤ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ። ሞተሩ አናት ላይ የነበረውን ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን ትኩስ አየር ማብረጃ) አስነስቼ ትልቅ ኢንተርኩለር ከፊት አስገጠምኩ። ቧንቧው ማለፊያ ሲያጣ ዋናው ራዲያተር ወጣና በምትኩ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 34 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 55 ሚሊ የሆነ ሙሉ አሉሚኒየም ገባ። ከተማ ውስጥ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ አያልፍም። ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ሽቅብ ስመለስ ግን 110 እና 120 ኪሎ ሜትር ስይዝ ሙቀቱ 108 ይገባል። ዳር ይዤ ፋኑ ሲዞር ቶሎ ይወርዳል። ውሃ አይጎድልም። ባለ 75 ሚሊ ራዲያተር ላሠራ አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?»

አታሠራ። ገንዘብህን ያዝ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ልቤ የሄደው ወደ አየሩ ነው። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድ ላይ የሚሞቅ መኪና ሲመጣልኝ ከሞተሩ በፊት ፊቱን ነው የማየው። የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲም የሚሆን ክፍተት አለ፤ በግራው በኩል የሞተሩ ቺንጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቺንጋው ከፊት ለፊት ለዓይንህ ከታየህ፣ አየሩም መንገዱን አግኝቷል ማለት ነው። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል እየተጋፋ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም።

ሒሳቡን ተመልከት። የራዲያተርህ ፊት 40 በ34፣ ማለትም 1360 ካሬ ሳንቲም ነው። ሁለቱ ክፍተቶች ተደምረው 136 ናቸው፤ አንድ አሥረኛ። ነገር ግን በክፍተቱ ውስጥ የሚያግድ ክንፍ ስለሌለ የሚያልፈው አየር ከአንድ አሥረኛ እጅግ ይበልጣል። የመስኖ ውሃ የጠለፈ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ግድቡ ጥግ ላይ ጭብጥ የምታህል ቀዳዳ ካለች ውሃው ወደ ቦዩ አይወጣም።

ሌላም ነገር አየሁ። ኢንተርኩለሩን የገጠመልህ ሰው የራዲያተሩን የጎን ስፖንጅ አልመለሰም፤ ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛም ጥሎታል። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ጋራዥ ገብቶ የወጣ ሱባሩ ሁሉ ሥሩ ተራቁቶ ነው የሚመጣው። «ለጭቃ ነው፣ አያስፈልግም» ይሏቸዋል። የጭቃ መከላከያ ብቻ አይደለም። በፍጥነት ስትሄድ ከሥር የሚገባው አየር የሞተሩን ክፍል ሞልቶ ከራዲያተሩ ጀርባ ይቆማል፤ ከፊት የሚመጣው አየር የሚወጣበት ያጣል። ፋኑንም በፕላስቲክ ማሰሪያ ክንፎቹን በስቶ ነው ያሰረው። ያ ማሰሪያ በንዝረት ቱቦውን እየፋቀ አንድ ቀን ያፈስልሃል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፤ ኋላም እደግመዋለሁ። ሞተሩ እንደሞቀ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈት። ቱርቦው ሱባሩ ሌላም ክዳን አለው፤ ከኢንተርኩለሩ የድሮ ቦታ አጠገብ ያለው ትንሹ የውሃ ማጠራቀሚያ። እሱንም አትክፈት።

አሁን ወደ ውፍረቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም «ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ያበርዳል» እያለ ገንዘቡን የሚያፈስ ወጣት በየሳምንቱ ይመጣል።

ቡና ሲፈላ አስብ። አንድ ጊዜ የተወቀጠው ቡና አቦል ይወጣዋል፣ ከዚያ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ቡናው ያው ነው፤ ጉልበቱን ግን አቦል ላይ ሰጥቶ ጨርሷል። አየርም ለራዲያተር እንደዚያው ነው። ውሃህ 95 ዲግሪ፣ የሞጆ አየር 30 ዲግሪ ነው እንበል፤ በመካከላቸው 65 ዲግሪ ልዩነት አለ። ሙቀትን ከውሃ ወደ አየር የሚገፋው ይህ ልዩነት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ቱቦ አየሩን ከ30 ወደ 60 ያሞቀዋል እንበል። ይህ አቦሉ ነው፤ 30 ዲግሪ ወሰደ። ሁለተኛው ረድፍ የሚደርሰው 60 ዲግሪ የሆነ አየር ነው፤ ልዩነቱ 35 ብቻ ስለሆነ 16 ዲግሪ ገደማ ይወስዳል። ቶና። ሦስተኛው ረድፍ 76 ዲግሪ አየር ይደርሰውና 9 ገደማ ያነሳል። በረካ። አራተኛ ረድፍ ብትጨምር 5 ያህል ብታገኝ ነው። የአሉሚኒየሙ ዋጋ ግን ለአራተኛውም ልክ እንደ መጀመሪያው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂትም ቢሆን ትርፍ ነው ባልኩህ። ችግሩ እያንዳንዱ ረድፍ የአየሩን መንገድ ማጥበቡ ነው። አራት ረድፍ ስትደረድር በመጀመሪያው የሚገባው አየር ራሱ ይቀንሳል፤ በረካውን ፍለጋ አቦሉን ታቀጥነዋለህ። ባንተ መኪና ደግሞ ኢንተርኩለሩ ፊት ተቀምጦ አስቀድሞ አንድ ሲኒ ቀድቷል። ወደ ራዲያተርህ የሚደርሰው አየር ሞቅ ያለና የደከመ ነው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ለሞተሩ ይሰጠዋል፤ ለራዲያተርህ ግን የሚያምቅለት የለም። ለዚህ ነው ውጭ አገር ባሕር ዳር ተሞክሮ «ይበቃል» የተባለ ትንሽ ራዲያተር እኛ አገር የማይበቃው።

ፋብሪካው የሰጠህን ራዲያተር አስታውስ። ወርዱ 69፣ ቁመቱ 34 ሳንቲም ገደማ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ገደማ ነበር። ሰፊና ስስ። ሰዎቹ አሉሚኒየም አጥሯቸው አይደለም፤ ሁሉም ፊት አቦል እንዲቀዳ ነው።

እንግዲህ ሥራው። ማሠራት ከመጀመርህ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጥ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የላይኛውን ማኒኮቶ፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ፣ ጨብጠው። አድሮም እንደተወጠረ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ጋዝ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ የጭስ ጋዝ መመርመሪያ ባለው ጋራዥ የመመርመሪያው ፈሳሽ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ መለወጥ አለመለወጡን አሳይ። ከተለወጠ ይህን ምክር እዚሁ አቁም፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል። ውሃ አይጎድልም ስላልከኝ ግን ይህ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው) መኖሩን እይ። «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብለው አውጥተውት ከሆነ ትክክለኛውን መልስ። ለሱባሩ ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ቴርሞስታት ከዋናው ያነሰ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፍህ ላይ ብታስቀምጣቸው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሦስተኛ፣ ክዳኑ። 1.1 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ 118 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይፈላም። ክዳኑ ካልያዘ በ92 ይፈላል። ሶማሌ ተራ ስትገዛ ላስቲኩን አጥፈህ እይ፤ የደረቀ ከሆነ ተወው።

ከዚህ ቁጥር ነው ማስጠንቀቂያዬ የሚመጣው። ታፍኖ 105 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት፣ በ92 ወደሚፈላበት አየር ይወጣል። ያን ጊዜ አይፈስስም፣ ይፈነዳል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሞጆ ዳር ላይ «ትንሽ ላስተንፍሰው» ብሎ ክዳኑን ሩብ ዙር አዞረ። ፊቱን ዞር በማድረጉ ዓይኑ ተረፈ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ተላጠ። ቆዳው ከሸሚዙ እጅጌ ጋር አብሮ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የላይኛውን ማኒኮቶ በባዶ መዳፍህ ጨብጠህ መቆየት እስክትችል ድረስ ጠብቅ። ምንም ያህል ብትቸኩል።

አየሩን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ግዛ፤ በጣውላ ላይ የላቲን ዩ ፊደል አስመስለህ እሰረው፣ መሃሉ ቀለም የነካ ውሃ ጨምር፣ አጠገቡ ማስመሪያ ለጥፍ። አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከጀርባው፣ ከፋኑ በፊት አድርግ። አየሩ በቀጥታ እንዳይነፋበት ጫፎቹን በትንሽ ስፖንጅ ጠቅልል። ጣውላውን የሚያነበው አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ይሁን እንጂ አንተ አይደለህም። በኛ ከፍታ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ንፋሱ ሙሉ ጉልበቱን ቢሰጥ በቱቦው ሁለት ወገን ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት 37 ሚሊ ገደማ ነው። ሙሉውን ማንም አያገኝም። ያንተ ከ12 በታች እንደሚሆን እገምታለሁ።

ከዚያ እሸግ። ከኢንተርኩለሩ ጠርዝ እስከ ራዲያተሩ ጠርዝ በአራቱም በኩል ባለ 1 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ ቁረጥ፤ ላሜራው ከራዲያተሩ በሚገናኝበት የበር ጎማ ግጠም። ጣትህ የሚገባበት ቦታ አይቅር። በፓራውልቱ ላይ ያለው አፍ ከራዲያተሩ ፊት ሲሶ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ከአፉ እስከ ራዲያተሩ ያለው መንገድ ቀስ እያለ መስፋቱና አለማፍሰሱ ነው። የሥሩን መሸፈኛ መልስ፤ ካልተገኘ ከላሜራ ይሠራ። ፋኑ ከራዲያተሩ ላይ ተነስቶ በላሜራ ሳጥን ላይ፣ ከክንፎቹ ቢያንስ 3 ሳንቲም ርቆ ይቀመጥ። ባለ 30 ሳንቲም ፋን በቀጥታ ሲለጠፍ የሚስበው የራሱን ክብ፣ 700 ካሬ ሳንቲም ብቻ ነው፤ የራዲያተርህን ግማሽ። በሳጥን ሲሆን ሁሉንም ይስባል። ሳጥኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ ብቻ የሚከፈቱ የጎማ ልሳኖች አድርግ፤ በፍጥነት ስትሄድ አየሩ ገፍቷቸው ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ሽቅቡ ላይ ከ100 ካለፈ፣ ያን ጊዜ አዲስ ራዲያተር እንሠራለን፤ ግን ወደ ጎን። የኢንተርኩለሩን ቧንቧ በአንድ ወገን ብቻ ሰብስበህ ወርዱን 52 ሳንቲም ማድረስ ብትችል ፊቱ 1768 ካሬ ሳንቲም ይሆናል፤ ካሁኑ በ30 በመቶ ይበልጣል። ውፍረቱ ከ36 እስከ 40 ሚሊ ይሁን። ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉ አይሁኑ፤ ፊቱ ኢንተርኩለር ላለበትና አቧራ ለሚበላ መኪና ከ14 እስከ 16 ክንፍ በኢንች ይበቃል። በማዝዳ አርኤክስ 7 ላይ እንደሚያደርጉት ራዲያተሩን አጋድሞ ፊቱን ማስፋት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሱባሩ ላይ ግን ቺንጋው ቅርብ ስለሆነ ቦታ የለም።

በላይኛው ሳጥን ከፍተኛ ጥግ ላይ ባለ 6 ሚሊ ቀጭን መውጫ አስበይድና ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው አገናኘው። ተገዝተው የሚመጡት ግማሽ ራዲያተሮች ይህ የላቸውም፤ አየር እዚያ ይታፈንና የላይኛው ቱቦ ባዶውን ይቀራል። ብየዳው በአርጎን ይሁን። ቱቦና ሳጥኑን በማጣበቂያ ያያያዘ አትቀበል። ከመክፈልህ በፊት አንዱን ክንፍ በጥፍርህ ገፋ አድርገው፤ ከቱቦው ከተላቀቀ ሙቀት አይተላለፍበትም፣ ጌጥ ነው። በርሜል ውስጥ ዘፍቀህ በ1.5 ባር አየር አሥር ደቂቃ ሙላው፤ አንድም አረፋ መውጣት የለበትም።

በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ውሃ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ተብሎ እንዳይሸጥልህ። ከታወቀ ሻጭ ወፍራሙን ግዛና ሲሶውን እሱን፣ ሁለት ሲሶውን የተጣራ ውሃ አድርግ፤ እኛ ጋ ከበረዶ ይልቅ የሚያስፈራው ዝገቱ ነው። ሞልተህ ስታስነሳ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አየሩ ይውጣ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን፣ ጎድሎ ቢመስልህም፣ ክዳኑ ከተዘጋ እስኪበርድ አይነካም።

ላሜራውን ገጥመህ ስትጨርስ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት ድገመውና ሁለቱን ቁጥሮች ላክልኝ፤ ከማሸግህ በፊት የነበረውንና አሁን ያለውን የውሃ ልዩነት በሚሊ። የጌጁን ንባብም ከጎኑ ጻፍ። ሚሊው ጨምሮ ሙቀቱ ካልወረደ ብቻ የራዲያተሩን ልክ አብረን እንቆርጣለን።