የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮፈን ስር የሚነደው ቱርቦ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የ2010 ሞዴል ቪጎ ሃይሉክስ አለችኝ፣ ባለ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ቱርቦ። ከአዲስ አበባ ሰመራ እየተመላለስኩ ዕቃ አደርሳለሁ። አዋሽን ካለፍኩ በኋላ ኮፈኑ እጅ አያስቀምጥም፣ ጉልበቷም ይቀንሳል፣ ባለፈው ደግሞ ቱርቦው አጠገብ ያለ የሽቦ ሶኬት ቀልጦ የሞተር መብራት በራብኝ። የሙቀት ጌጁ ግን መሀል ላይ ነው ንቅንቅ አላለም። መካኒኬ ጭስ ማውጫውን ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው) ጀምረን እስከ ማርሚታው በራፕ፣ ሙቀት በሚችል ጥቅል ጨርቅ፣ እንጠቅልለው ይለኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ራፕ ብረት ይበላል ተው አለኝ። ማንን ልስማ? (ከሰመራ መስመር)

መልስ፦ ወንድሜ ስለ ጌጁ መጻፍህ በጣም ጠቅሞኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን ሙቀት ይደባልቃቸዋል። አንዱ ራዲያተሩ የሚያወጣው የውሃው ሙቀት ነው፣ ሌላው ከማኒፎልዱና ከቱርቦው ወጥቶ ኮፈን ስር የሚታፈነው ነው። ጌጁ ወደ ላይ ቢወጣብህ ኖሮ ራፕ ምናምን ሳትል ራዲያተሩን፣ ፋኑን፣ ቴርሞስታቱን አስፈትሽ ነበር የምልህ፣ ጭስ ማውጫ መጠቅለል የውሃ ሙቀት አያወርድም። ያንተ ግን ሁለተኛው ነው፣ ለሱ መፍትሄ አለው።

ራፕ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈትና ባትሪ ይዘህ ማኒፎልዱና ቱርቦው ላይ አብራ። ፋብሪካው እዛ ላይ የሚያስረው ቀጭን ላሜራ አለ፣ ሙቀት መከላከያው ነው፣ አለ ወይስ የለም? ባለፈው ክረምት ያንተን የመሰለች ቪጎ መጥታልኝ ሳበራ ያየሁት የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብቻ ነው፣ ውስጣቸው ዝገት ሞልቶ፣ ላሜራው የለም። ባለቤቱን ስጠይቀው ከሁለት አመት በፊት ቱርቦው ወርዶ ሲሰራ ቡሎኑ ተሰብሮ ላሜራው ይንቀጫቀጫል ተብሎ ሳይመለስ እንደቀረ ትዝ አለው። ይሄ በየጋራዡ አለ፣ እኔን ከልቤ ያናድደኛል፣ ያቺ ላሜራ ጌጥ አይደለችም እኮ!

ለምን መሰለህ፣ ከሰል ምድጃ ዳር ቁጭ ስትል ፊትህን የሚለበልብህ ሙቅ አየር አይደለም፣ አየሩማ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ የሚለበልብህ ከፍሙ የሚወጣው ጨረር ነው፣ ትሪ ብታስገባበት ወዲያው ያርፍልሃል። የናፍጣ ቱርቦ ጭስ ዳገት ላይ ተጭኖ ሲሰራ 600 እና 700 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጨረር ደግሞ ከሙቀቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ይተኮሳል እንጂ። 600 ዲግሪ የሆነ ብረት 300 ዲግሪ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ጨረሩ እጥፍ ሳይሆን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም አብዛኛውን ጨረር መልሶ ይወረውረዋል፣ ስለዚ የአንድ ሚሊሜትር ላሜራ አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይዛ ከቆመች የሶኬትህን እድሜ ታራዝማለች።

ላሜራው ከሌለ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከተፈታ ሞተር ላይ የወረደ ፈልግ። ካጣህ ጎበዝ ላሜራ ሰራተኛ ያበጅልሃል፣ ማኒፎልዱን ተጠግቶ የሚቀመጠውን ከስቴንለስ፣ ራቅ ያለውን ከአሉሚኒየም። የቤት ቆርቆሮ ግን በፍጹም እንዳይሆን፣ እሱ ዚንክ የተቀባ ነው፣ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው። አሮጌ የአስቤስቶስ ጨርቅ ወይም ገመድ የሚሰጥህ ካለም አትንካው፣ ብናኙ ካንሰር ያመጣል።

አሁን ወደ ራፑ። መካኒክህም ጓደኛህም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ራፕ ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ቱቦው ውስጥ ከጭሱ ጋር ይዞት ከኮፈን ውጪ ያስወጣዋል፣ ስለዚ መጠቅለል ያለበት ከቱርቦው መውጫ ጀምሮ መኪናዋ ሆድ ስር እስኪገባ ድረስ ያለው ቱቦ ነው፣ 1 ሜትር ቢሆን ነው። ከዛ ወዲያ እስከ ማርሚታው መጠቅለል ገንዘብ ማባከን ነው፣ እዛ ነፋስ ያገኘዋል። ማኒፎልዱን ግን ተው፣ እሱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ታፍኖ ከልክ በላይ ሲግል ይሰነጠቃል። ቱርቦውም ሙሉ በሙሉ አይታፈንም፣ ጭስ የሚያዞረው ጎኑ ለቱርቦ የተሰራ ሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ ሊለብስ ይችላል፣ መሀሉ ግን ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽና ዘይት ያለበት ስለሆነ እሱ ከታፈነ ዘይቱ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፣ ንጹህ አየር የሚገፋው ጎንም ክፍት ይሁን። ካታሊስት (ጭስ የሚያጸዳው) ወይም የጥላሸት ማጣሪያ ካለም እንደዛው፣ አይጠቀለልም።

ሲገዛም ልዩነት አለው። ነጩ ፋይበርግላስ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ይችላል፣ ቡናማ ወርቃማው ቲታኒየም ብለው የሚሸጡት ስሙ ነው እንጂ ከቀለጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈተለ ነው፣ እሱ የተሻለ ይችላል፣ ቱርቦ አጠገብ ለሚሆን እሱን ውሰድ። ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነውን እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ሩብ ያህል እየረገጠ ስትጠቀልለው 6 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው 1 ሜትር ቱቦ ወደ 5 ሜትር ይበላል፣ ጥቅል ሙሉ ልግዛ ብለህ አትቸገር፣ ቆርጦ የሚሸጥልህ ካለ በቂ ነው። ፋይበርግላስ ከሆነ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረህ ጭመቀው፣ ብናኙ ይቀንሳል፣ ሲደርቅም ይጠብቃል። ጓንትና ማስክ አድርግ፣ ረጅም እጅጌም ልበስ፣ አለበለዚያ ክንድህ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሳክክህ ይሰነብታል። ጫፍና ጫፉን በስቴንለስ ፋሸታ እሰር። መጀመሪያ ስታስነሳ ይጨሳል፣ ሲሶ ሰአት ጨሶ ይተዋል፣ አትደንግጥ።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፣ በራሴ የደረሰ ልንገርህ። ከአመታት በፊት የራሴን መኪና ጠቀለልኩ፣ ከቱርቦው የሚወርደው የዘይት ቱቦ ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚደፍነው) ትንሽ ያልብ ነበር፣ ላብ ብቻ ነው ብዬ አለፍኩት። ራፕ እንደ ፋኖስ ክር ነው፣ ዘይቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ጠገበ። አባይ በረሃን ከድልድዩ ወደ ደጀን ስወጣ፣ ዳገቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፣ በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ጭስ አየሁ፣ ስከፍተው ራፑ ዳር ዳሩን ቀልቶ ዘይቱ መንደድ ጀምሯል። ወንበር ስር እሳት ማጥፊያ ስለነበረኝ ተረፍኩ። ስለዚ አንዲት ጠብታ ዘይት ወይም ናፍጣ የሚያልብ ነገር ካለ እሱ ሳይሰራ ራፕ አይታሰብም።

ጓደኛህ ያለው ዝገትም እውነት ነው። ራፕ ውሃና ጭቃ ይይዛል፣ ተራ ብረት ደግሞ ሲግልና ሲረጥብ ቶሎ ይበላል። በዘይት ቅያሪ ጊዜ ሁሉ ካቻቪቴ ይዘህ አንድ ሁለት ዙር ገልጠህ እየው፣ ቅርፊት ከጣለ አንሳው። መኪናዋን ከስር ካሳጠብክም ሞተሩን አስነስተህ እስኪደርቅ ጠብቅ።

ጉልበት መቀነሱን አልረሳሁትም። ያንተ መኪና ኢንተርኩለሩ፣ ቱርቦው የገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ማለት ነው፣ ሞተሩ ራስ ላይ ነው የተኛው፣ በኮፈኑ አፍንጫ የሚገባው ነፋስ ነው የሚያበርደው፣ አፋር ሲደርስ ነፋሱ ራሱ 40 ዲግሪ ነው፣ ያ የአየሩ ፈንታ ነው ምንም ማድረግ አይቻልም። ግን ከአፍንጫው ስር ኢንተርኩለሩን ዙሪያውን የሚዘጋ ጎማ አለ፣ እሱ ከተቀደደ ነፋሱ በኢንተርኩለሩ ማለፍ ትቶ በዳር ያመልጣል፣ በቦታው ደግሞ ከስር የሚወጣው የቱርቦ ትኩሳት ይገባል። እጅህን ሰደህ ዙሪያውን ዳስሰው፣ ክፍት ካለ ይሄ ከራፑ ይቀድማል። ማኒፎልዱና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መሀል ጥቁር ጥላሸት ካየህም ጓርኒሲዮኑ እየተነፈሰ ነው፣ 600 ዲግሪ ጭስ በቀጥታ ሶኬትህ ላይ እየነፋ ሊሆን ይችላል።

ዳገት ጨርሰህ ስትቆም ቶሎ አታጥፋት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ባለችበት ትስራ፣ ቱርቦው መሀል ያለው ዘይት ቆሞ እንዳይቃጠል።

ጥያቄ፦ ይሄን ዓምድ የምትጽፈው ልጅ እንደምን አለህ። አባዱላ ነው የምነዳው፣ ቱርቦ ነው። ሞተሩ ወንበሬ ስር ስለሆነ ከሰአት ላይ መቀመጫው አላስቀምጥ ይለኛል፣ ረዳቱ ድርብ ምንጣፍ አነጠፈልኝ፣ ትንሽ ቀለል ቢልም ራስ ምታት ጀመረኝ። ጭስ ማውጫውን ላስጠቅልለው? (28 አመት የነዳ ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ራስ ምታት ያሉት አስጨንቆኛል፣ እባክዎ ይሄን ዛሬ ነገ አይበሉት። ሙቀት ብቻውንም ራስ ያሳምማል፣ ግን ከመቀመጫ ስር ጭስ እየገባ ከሆነ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ እሱ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው እንቅልፍ መጣብኝ ሲል ይወስደዋል፣ ከኋላም ተሳፋሪ አለ። ምንጣፉን ያንሱት፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገልብጠው የሞተሩን ክዳን ዙሪያ ጎማ ይዩት፣ ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ፣ ወይም ማያዣዎቹ ካልጠበቁ ሙቀቱም ጭሱም የሚገባው በዛ ነው። ቀጥሎ ጋራዥ ገብተው ከማኒፎልዱ እስከ ማርሚታው መተንፈሻ እንዳለ ያስፈትሹ፣ እስከዛ መስኮት ከፍተው ይንዱ። ይሄ ሁሉ ከተሰራ በኋላ የክዳኑ የውስጥ ፊት ላይ የሚለጠፍ አሉሚኒየም ፊት ያለው ሙቀት መከላከያ ምንጣፍ ያስለጥፉ፣ ለእርስዎ ከራፕ ይልቅ እሱ ነው ለውጥ የሚያመጣው።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው፣ የ2012 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ አለኝ። ወርቃማውን ባለ ሙጫ የሙቀት መከላከያ ቴፕ ገዝቼ ጭስ ማውጫው ላይ ልለጥፈው ነው፣ ይሰራል? (ከሻርጃ)

መልስ፦ እህቴ እንዳትለጥፊው! ያ ቴፕ ሙቀት ለሚቀበለው ዕቃ ነው እንጂ ሙቀት ለሚያወጣው አይደለም። የቤንዚን ቱርቦ ጭስ 900 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሙጫው በአንድ ጉዞ ተቃጥሎ ይላጣል። አየር ወደ ሞተር የሚያስገባው ቱቦ ላይ፣ ከቱርቦው ፊት ለፊት ባለው የሞተር ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፊው፣ እዛ ጥሩ ይሰራል። ለቱርቦው የጭስ ጎን በልኩ የተሰራ ብርድ ልብስ ግዢለት፣ ያንቺም መኪና ኢንተርኩለሩ ሞተሩ ራስ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ መብራት ላይ ቆመሽ ስትነሺ ይታወቅሻል። ስታስሪው የኦክስጅን ሴንሰሩ ሽቦ እንዳይነካው፣ የዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ የሚያሳልፈው በር) ዘንግም በነጻነት ወጥቶ መግባቱን በእጅሽ ገፍተሽ አረጋግጪ፣ ጨርቁ ከያዘው ቦስቱ፣ ቱርቦው የሚገፋው የአየር ግፊት፣ ከልክ በላይ ይወጣል።