አልዓዛርም ተነሥቷል፤ የጌታችን ትንሣኤ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ በትንሣኤ በዓል ክርስቶስ የሙታን በኵር እንደ ሆነ እንሰማለን። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ አልዓዛር፣ የናይን መበለት ልጅና የኢያኢሮስ ልጅ ተነሥተዋል። ታዲያ እንዴት በኵር ይባላል? ትንሣኤውስ ለእኔ ምንድን ነው?

መልስ፦ ኤልያስና ኤልሳዕ ያስነሧቸውን ሕፃናትም ብንጨምር ጥያቄዎ ይበልጥ ይጠነክራል። እነዚህ ሁሉ በእውነት ሞተው በእውነት ተነሥተዋል፤ ሆኖም የተመለሱት ወደዚሁ ወደሚያልፈው ሕይወት ስለ ነበር ዳግመኛ መሞት አልቀረላቸውም። አልዓዛርንማ የካህናት አለቆች ብዙም ሳይቆይ ሊገድሉት ተማክረውበታል (ዮሐ. 12፥10)። ጌታችን ግን ሞት ከእንግዲህ ወዲህ ወደማይገዛው ሕይወት ተነሣ (ሮሜ 6፥9)።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ሁለቱን መቃብሮች የገለጠበትን መንገድ ልብ ይበሉ። አልዓዛር ድንጋዩ በሰዎች ተነሥቶለት፣ በጌታ ቃል ተጠርቶ፣ እጅና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ ወጣ፤ የሚፈቱት ሌሎች ነበሩ። በጌታችን መቃብር ግን የተልባ እግሩ ልብስ ተቀምጦ ተገኘ። ነፍሱን ሊያኖራትም ሊያነሣትም ሥልጣን እንዳለው አስቀድሞ ተናግሮ ነበርና (ዮሐ. 10፥18) ፈቺ አላስፈለገውም።

ቅዱስ ጳውሎስም «ላንቀላፉት በኵራት» ያለው (1ኛ ቆሮ. 15፥20) ስለዚህ ነው። በኦሪት ሥርዓት ከመከሩ የመጀመሪያው ነዶ በኵራት ሆኖ ለእግዚአብሔር ይቀርብ ነበር፤ ነዶውና በማሳው የቀረው እህል አንድ አዝመራ እንደ ሆኑ ሁሉ፣ የክርስቶስ ትንሣኤና በእርሱ ያመኑት ትንሣኤም አይነጣጠሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ምእመናን የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ተስፋችን ነፍሳችን ወደ ሰማይ መሄዷ ብቻ ይመስላቸዋል። ጌታችን ግን እጁንና እግሩን ለደቀ መዛሙርቱ አሳየ፣ በፊታቸውም ዓሣ በላ፤ ደጆች ተዘግተው ሳሉም በመካከላቸው ቆመ። የተነሣው ያው የተሰቀለው ሥጋ ነው፤ ነገር ግን መበስበስና ሞት የማያገኘው ክቡር ሥጋ ሆኗል፤ የእኛንም ይህን ክቡር ሥጋውን እንዲመስል ይለውጠዋል (ፊልጵ. 3፥21)። ሐዋርያው ቆሮንቶሳውያንን ከዝሙት ሲከለክል «ጌታን ያስነሣ እኛንም ያስነሣናል» ብሎ ማስረዳቱ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የሚነሣ ሥጋ እንደሚጣል ዕቃ አይያዝምና።

ስለ ሐዘንም አንድ ነገር ልጨምር። ትንሣኤን የሚያምን ሰው ለሞተበት ማልቀስ የለበትም የሚሉ አይጠፉም፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ከመድረሱ በፊት አልቅሷል። ሐዋርያው የከለከለውም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)።