«ከሰው ይልቅ ውሻ ይሻለኛል» ላለችኝ ተመራቂ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሻ እወዳለሁ፤ ሥራዬም ውሻ ማሠልጠን ቢሆን ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ከሰው ጋር መሥራት ያደክመኛል። ከውሻ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ብውል አይሰለቸኝም። አንድ የውሻ ማሠልጠኛ በረዳትነት ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ሄጄ ሳየው ግን ውሾቹ አንገት ላይ ወደ ውስጥ የሾለ ብረት ያለው ማሰሪያ ይደረጋል፤ ሲሳሳቱ ገመዱ በኃይል ይጎተታል። ባለቤቱ «መጀመሪያ አለቃው ማን እንደሆነ ካላሳየሽው አይሰማሽም» አለኝ። እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው። ግን ልምድ ያስፈልገኛል፤ ሌላ የቀረበልኝ ሥራም የለም። ልግባ ወይስ ልተው? ቤተሰቦቼ ደግሞ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርሽው?» ይሉኛል። እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አትግቢ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ግን ከብረቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ከሰው ጋር መሥራት ያደክመኛል» ያልሽው ነው።

ብዙ ሰው ወደዚህ ሙያ የሚመጣው ከሰው ሸሽቶ ነው። ሥራውን ሲጀምር ግራ ይገባዋል። አንድ አሠልጣኝ የደንበኛውን ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት አለው። በቀረው ጊዜ ሁሉ ውሻው የሚማረው ከባለቤቱ፣ ከቤቱ ልጆች፣ በር ከሚያንኳኳው እንግዳ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜሽን የምታሠለጥኚው ሰውየውን ነው።

በየጊዜው የሚያጋጥምሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ይመጣል። ውሻው ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ይጮኻል፣ ገመዱን እየጎተተ ይዘላል። ሰውየው ገና ሳይቀመጥ «ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ መትቼውም አይቻለሁ» ይልሻል። ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል። አሁን ምን ትይዋለሽ? «መምታት ነውር ነው፤ ሳይንሱም ይከለክላል» ብትይው አልተሳሳትሽም። ግን ሰውየውን አጣሽው። በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም፤ ውሻው ደግሞ የሚኖረው ከእሱ ጋር ነው። «መንገድ ላይ እንደዚህ ሲሆንብዎት በጣም ያስጨንቃል አይደል? ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ እንሞክር» ብትይው ግን ትከሻው ይረግባል። ከዚያ እጁን ታያለሽ። ገመዱ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ተወጥሯል። «ትንሽ ላላ ያድርጉት» ትይዋለሽ። ያላላዋል። ውሻው ዞር ብሎ ያየዋል። ሳትዘገዪ «እንደሱ! አዩት? ዞሮ እርስዎን አየ» ትያለሽ። ሰውየው ፈገግ ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን ሳትነግሪው ያላላል።

ልብ በይ፤ ውሻውን የምትሸልሚበትን መንገድ ነው ሰውየው ላይ የተጠቀምሽው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እያስገባ ሲያጠና ያየው፣ ኋላም ቢ. ኤፍ. ስኪነር ያስፋፋው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሩ ነገር ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል። ሕጉ ለውሻ ብቻ የወጣ አይደለም። ለውሻው ሥጋ እየሰጠ ለባለቤቱ ግሣጼ የሚሰጥ አሠልጣኝ ሳይንሱን በግማሹ ብቻ ነው የተማረው። እኔ ርኅራኄ ያለው ሥልጠና የምለው ለሁለቱም የሚደርሰውን ነው።

በዚህ ዓይን ሊቀጥርሽ የፈለገውንም ሰው እይው። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ አሠልጣኞች ውሾቻቸውን ይወዳሉ፤ እነሱም እንዲሁ ነው የተማሩት። ደግሞ «ቅጣት አይሠራም» ብለሽ አትከራከሪው። ይሠራል፤ ያልጠፋውም ለዚያ ነው። ገመዱ ሲጎተት ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል። ጩኸቱ ሲቆም የተሸለመው ጎታቹ ነው፤ ነገም ይጎትታል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ የሚታመም ውሻ ሕመሙን ከዚያ ከሌላው ውሻ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ሲያጉረመርም የተቀጣ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ከዚያ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

«አለቃው ማን እንደሆነ አሳዪው» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣም እወቂ። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ታጉረው ስለነበሩ ተኩላዎች ጻፈ። የማይተዋወቁ ተኩላዎች በጠባብ ቦታ ሲታጎሩ ይጣላሉ፤ እሱም የበላይነት ትግል አየ። ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ይበልጥ አሰራጨው። ኋላ ግን ሜች ራሱ በካናዳ ኤልስሜር ደሴት የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ የዱር መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው እንደሆኑ፣ «አልፋ» (በትግል የበላይ የሆነ አለቃ) የሚለው ቃልም እንደማይገልጻቸው ጻፈ። አንድ ተመራማሪ የራሱን ሥራ እንዲህ በግልጽ ማረሙ በጣም ያስከብረዋል። አባባሉ ግን በውሻ ማሠልጠኛው ዓለም ዛሬም እንደቀጠለ ነው።

ጥናት ከፈለግሽ ሁለቱን ያዢ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት በባሕርይ ችግር ወደ ክሊኒክ የመጡ ውሾችን ባለቤቶች ጠየቀ። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሞከሩት ውስጥ 43 በመቶው ውሻው በቁጣ መልሶባቸዋል። ጀርባው ላይ አንጋለው በግድ ከያዙት ደግሞ 31 በመቶው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ በፖርቱጋል 92 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። በቅጣት የሚሠለጥኑት ውሾች ሲሠለጥኑ ይበልጥ ያዛጉ፣ ከንፈራቸውን ይልሱ ነበር፤ በምራቃቸው ያለው የጭንቀት ሆርሞንም ከፍ ብሏል። ምግብ ይኑረው አይኑረው ወደማይታወቅ ሳህን ሲለቀቁም በሽልማት ከሠለጠኑት ይልቅ ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት። ከማሠልጠኛው ውጪም ቢሆን ጥሩ ነገር መጠበቅ ቀንሰዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ለማንኛውም ውሻ፣ ለተናካሹም ጭምር፣ በሽልማት የሚደረግ ሥልጠና ይሁን ብሏል። ዌልስ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያን በሕግ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

አትግቢ ያልኩሽ ግን ለጥናቱ ብቻ ብዬ አይደለም። እጅሽን ብዬ ነው። ጀማሪ ሰው የመጀመሪያ አስተማሪውን እጅ ይወርሳል። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ገመድ ስትጎትቺ ከዋልሽ፣ በኋላ ስትደነግጪ እጅሽ ሳያማክርሽ ይጎትታል።

የዚህ ሥራ እጅ ደግሞ ረቂቅ ነው። ጥፍሩን ሊቆርጡት ሲሉ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አለ እንበል። የጥፍር መቁረጫውን ከጀርባሽ አውጥተሽ ከሩቅ ታሳይዋለሽ። ከዚያ የዶሮ ሥጋ ትሰጪዋለሽ። መቁረጫውን ትደብቂያለሽ፤ ሥጋውም ይቆማል። መጀመሪያ መቁረጫ፣ ቀጥሎ ሥጋ። ውሎ አድሮ መቁረጫው ሲታይ ውሻው ጅራቱን እየቆላ እጅሽን ይፈልጋል። ይሄ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ያገኘው ነገር ነው። አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ሥጋ አስቀድመሽ መቁረጫውን ብታስከትዪ፣ ሥጋው ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆናል። ውሻው ሥጋ እያየ ማፈግፈግ ይጀምራል፤ ባለቤቱም «ሽልማት ሞክሬ ነበር፣ የእኔ ውሻ ላይ አይሠራም» ይላል። በመሀል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ነው። እጅሽ ሳይታወቅሽ ቀድሞ ወደ ኪስሽ ከገባ እንኳ ውሻው አይቶታል።

ይህን የሚያርምልሽ መለማመድ ብቻ ነው። ስኪነር ጋር የተማሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንስሳት የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቁመው ነበር። ኋላ አብሯቸው የሠራው ቦብ ቤይሊ የውሻ አሠልጣኞችን በዶሮ ነበር የሚያስተምረው። ዶሮ ፈጣን ናት። «ትክክል ነው» የምትይበትን ምልክት ካዘገየሽ ያልፈለግሽውን ነገር ትማራለች፤ አንገቷን ጎትተሽም የምታገኚው ነገር የለም። ዶሮ ባይኖርሽ ጓደኛሽ ኳስ ታንጥር፤ ኳሷ መሬት በነካች ቁጥር ክሊከሩን፣ ያን ምልክት «ጠቅ» እያለ የሚሰጠውን ትንሽ መሣሪያ፣ ተጫኚ። በስልክሽ ቅረጺውና ተመልከቺው። መዘግየትሽን ስታይ ትገረሚያለሽ።

ልምዱን ከየት ላምጣው ትያለሽ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች መጠለያ ሂጂ። በሳምንት ሁለት ቀንም ቢሆን በፈቃደኝነት አገልግዪ፤ የዕለት ወጪሽን ሌላ ሥራ ይሸፍንልሽ። የእንስሳት ክሊኒክ ረዳትነት ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። መጠለያ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ውሻ ታያለሽ። የተረጋጋ የሚመስለው ውሻ የምር ተረጋግቶ ነው ወይስ ፍርሃት አደንዝዞት? ፊቱን ሲያዞር፣ የዓይኑ ነጭ ሲወጣ፣ ሲያዛጋ ምን አይቶ ነው? በማስታወሻ ያዢው። ውሾቹ ለአዲስ ባለቤት የሚሰጡበት ቀን ሲሆን ደግሞ ከሚወስዷቸው ቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብለሽ አውሪ። የሚያደክምሽ ሥራ እሱ ነውና ገና ከጅምሩ ልመጂው።

አብረሽው የምትሠሪ አሠልጣኝ ስትመርጪ ተጠንቀቂ። በብዙ አገር ማንም ሰው ተነሥቶ «አሠልጣኝ ነኝ» ማለት ይችላል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ውሻው በትክክል ሲሠራ ምን ይደረግለታል? ሲሳሳትስ ምን ይደረግበታል? ውሻውን ከዚያ ባነሰ የሚያስጨንቅ መንገድ አለ ወይ? በግልጽ የሚመልስልሽ ሰው ጋር ሂጂ። «ጉልበት»፣ «አመራር»፣ «ሚዛን» እያለ የሚያድበሰብስ ከሆነ ተይው። ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እይ። ውሾቹ ወደ በሩ እየጎተቱ ነው የሚገቡት ወይስ እየተጎተቱ?

ስለ ወረቀቱ አትቸኩዪ፤ ግን አስቢበት። የውሻ አሠልጣኞችን ፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ፣ ሲሲፒዲቲ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመ ተቋም አለ። ለመፈተን በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 300 ሰዓት የማሠልጠን ልምድ ይጠይቃል። ጂን ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተችው የአሠልጣኞች አካዳሚም በርቀት ያስተምራል። የአንቺ ባዮሎጂ ደግሞ ከዚያም አልፎ ሊወስድሽ ይችላል። በእንስሳት ባሕርይ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘሽ የተግባር ባሕርይ ባለሙያ መሆን ትችያለሽ። የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በባሕርይ ስፔሻላይዝ ማድረግም አለ፤ እሱ ረጅም ነው። የትኛውንም ብትመርጪ ከሐኪም ጋር ተግባብተሽ ሥሪ። ባሕርይው ድንገት የተለወጠ ውሻ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ወገቡን የሚያመውን ውሻ «ተቀመጥ» እያልሽ እንዳትለፊ።

ከባዱንም ልንገርሽ። የግል ደንበኞች ከሥራ የሚወጡት ማታ ነው፤ ስለዚህ ማታሽና ቅዳሜ እሑድሽ የእነሱ ነው። ገቢው አንዱ ወር ከሌላው አይመሳሰልም። «በሁለት ሳምንት ይስተካከላል» ብለሽ ማረጋገጫ መስጠት አትችዪም፤ የሲሲፒዲቲ የሥነ ምግባር ደንብም ይከለክላል። ዋስትና የሚሰጠው ጎረቤትሽ ግን ደንበኛውን ይወስደዋል። ሁሉን አድርገሽ የማይድን ውሻ ያጋጥምሻል፤ ቤተሰቡ እያለቀሰ «ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያን ቀን የምታማክሪው የሙያ ጓደኛ ከአሁኑ ይኑርሽ።

ለቤተሰቦችሽ መልስ አትፈልጊ፤ ሥራውን አሳዪያቸው። አንዳቸውን መጠለያ ይዘሻቸው ሂጂ፤ አንድ ፈሪ ውሻ እንዴት እንደምታለማምጂ አጠገብሽ ቆመው ይዩ። የተማርሽው ባዮሎጂ ምን ላይ እንደዋለ ያኔ ይገባቸዋል።

ለቀጣሪው ደግሞ ዝም ብለሽ አትጥፊ። «ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ። ለጊዜው በሽልማት ብቻ የማሠልጠን መንገድን መማር ስለፈለግሁ ሥራውን አልቀበልም» በይው። ውሾቹ ላይ ስላየሽው ነገር ከጠየቀሽ ያየሽውን ብቻ በትሕትና ንገሪው፤ አታስተምሪው። ካንቺ ጋር በአንድ ሙያ ውስጥ ነው የሚኖረው። ገመድ ያልመለሰው ውሻ ሲገጥመው ስልክ የሚደውልልሽ ሰው ቢሆን እመኛለሁ።