ቁጥር 17

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሰው ደም ስቀዳ የኖርኩ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጠዋት ጠዋት በጣና ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። ዘንባባው ሥር ተቀምጣችሁ ስታጨሱ አያችኋለሁ። ልቆጣችሁ አይደለም። በእናንተ ዕድሜ እኔም እዚያው ተቀምጬ አጨስ ነበር።

ጠጋ ብዬ ሳዋራችሁ መልሳችሁ አንድ ነው። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ምርቃና ላይ ብቻ ነው። ቢበዛ በቀን አንድ ፍሬ።" ሌላው ደግሞ "ራጅ ተነስቼ ሳንባህ ነጻ ነው ተብያለሁ" ይላል። ደስ ይላል። ግን የደረት ራጅ የደም ሥራችሁ ውስጥ ያለውን አያሳይም። ደም ነው ቀድሞ የሚናገረው።

አንድ ጊዜ አንድ የማስተርስ ተማሪ የአጫሾችን ደም ከማያጨሱ ሰዎች ደም ጋር ሊያወዳድር እኛ ላቦራቶሪ መጣ። የሚፈልገው ማሎንዲአልዲሃይድ የሚባል ነገር ነበር። ስሙ አያስፈራችሁ፣ እኛም ኤምዲኤ ነው የምንለው። በሰውነት ውስጥ ያለ ስብ ሲበላሽ የሚወጣ ስብርባሪ ነው።

ስብ እንዴት ይበላሻል? ጁስ ቤት ተቆርጦ የቆየ አቮካዶ አይታችሁ የለ? ይጠቁራል። ኦክስጅን አግኝቶት ነው። ጁስ ቤት ያለችው ልጅ ሎሚ ጠብ የምታደርግበት ለዚህ ነው። ሰውነታችንም የራሱ ሎሚ አለው፤ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሌሎችም። አንዴ ሳብ ባደረጋችሁት ጭስ ውስጥ ግን በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያገኙትን የሚነጥቁ ቅንጣቶች አሉ። ሎሚው ያልቃል። አጫሽ ደሙ ሲመረመር ቫይታሚን ሲው አነስ ብሎ የሚገኘው በዚህ ነው። ከዚያ ተራው የስቡ ይሆናል። ኤልዲኤል የምንለው ኮሌስትሮል ተበላሽቶ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይወሸቃል። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ይመጣሉ፣ ይውጡታል፣ ጠግበው እዚያው ይቀራሉ። ክምር ይሠራል። ክምሩ የተቀደደ ቀን ደም ይረጋበታል። ሃርት አታክ የምትሉት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሴረሙን፣ ማለትም ደሙ ከረጋ በኋላ ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ፣ ከአንድ አሲድ ጋር ቀላቅለህ የፈላ ውሃ ውስጥ ታቆመዋለህ። ኤምዲኤ ካለ ሮዝ ቀለም ያወጣል፤ በበዛ ቁጥር ይደምቃል። ተማሪው አጫሽ ጎደለበትና ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ክንዴን ሰጠሁት። ቲዩቦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር የጻፈው፣ እኔ ግን ቁጥሬን አይቼ ነበር። ከውሃው ሲወጡ የኔዋ ከጽዳት ሠራተኛችን ቲዩብ አጠገብ ቆማለች። ሴትዮዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። የእሷ ሮዝነቱ አያስታውቅም። የኔ የቀጠነ ካርካዴ ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር ያ ምርመራ እንከን አለበት፤ ከኤምዲኤ ሌላም ሮዝ የሚያደርገው ነገር አለ። የተሻለው አይሶፕሮስቴን የሚባለውን፣ እሱም ስብ ሲበላሽ የሚወጣ ነገር ነው፣ መለካት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ ነገር በአጫሾች ደም ውስጥ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሰዎቹ ሁለት ሳምንት ሲጋራ ሲተዉ ደግሞ ወረደ። ሁለት ሳምንት! ይህን ሳነብ ከቲዩቧ በላይ ገረመኝ።

ወደ አንድ ፍሬው ልመለስ። ከ20 ፍሬ አንድ ማለት ከጉዳቱም አንድ ሃያኛው ይመስላችኋል። እኔም እንዲያ ነበር የማሰላው። በ2018 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ግን ሌላ ነገር አወጣ። በልብ በኩል በቀን አንድ ፍሬ፣ 20 ፍሬ የሚያመጣውን ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ገደማ ያመጣል።

"ወተት ይጠርገዋል" ለምትሉኝ፣ ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ደም ሥር አይጠርግም። የቫይታሚን ኪኒን ያሰባችሁም ቆይ በሉ። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ ወንድ አጫሾች የተካፈሉበት ሙከራ ነበር። ቤታ ካሮቲን፣ ማለትም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር፣ የተሰጣቸው ሰዎች የሳንባ ካንሰራቸው በመቀነስ ፈንታ ጨመረ።

ቲዩቧን አይቼ ያን ቀን ተውኩ ብላችሁ ውሸት ነው። ወጥቼ አንድ ለኮስኩ። የተውኩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሦስተኛው ሙከራ ነው። የከበደኝ የቡና ሰዓት ነበር። ቡናውን አልተውኩም፣ መቀመጫዬን ቀየርኩ፤ ከሚያጨሱት ጓደኞቼ ተነስቼ ዳማ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ዘንድ ገባሁ። ዳማ እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ካቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ማጨስ ልብ ላይ የጨመረው አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚወርድ ያኔም አውቅ ስለነበር ቀን እቆጥር ነበር።

ተማሪው ተመርቆ ሄደ። ደሜን ያ የፈላ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሚያቆምልኝ አላገኘሁም። ቁጥሬን ግን አልረሳሁትም፤ 17 ነበርኩ።