ቁጥሩ 400 ነው፤ ማሽኑ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ አባቴ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል 9 ቀን በመተንፈሻ ማሽን ቆዩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ናቸው። አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። አባቴ 95 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ነርሷ ግን ክብደታቸውን ትታ ቁመታቸውን በሜትር ለካች፣ ሐኪሙም ማሽኑን 400 ላይ አደረጉት። ለዚያ ሁሉ ሰውነት ይህ አያንስም? ቁጥሩስ ሳይለወጥ ማሽኑ ሌሊቱን ሲጮኽ ያደረው ለምንድን ነው?
ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን አባትዎን ማረልዎት። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ በሌሊት ተራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ተረጋግቼ የመለስኩት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

400 የተባለው በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ነው፣ በሚሊ ሊትር። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋም። የሳንባን ልክ የሚነግሩን ቁመትና ጾታ ናቸው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ 55 ኪሎም ይመዝን 95፣ ለማሽኑ የሚታሰበው 66 ኪሎ ተብሎ ነው፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲባል 396 ይመጣል። ድሮ ከዚህ እጥፍ ይሰጥ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማንን ሲያነጻጽር፣ በኪሎ 12 ከተሰጣቸው ወደ 40 በመቶው ሞቱ፤ 6 ከተሰጣቸው 31 በመቶ። ሳንባን ከልኩ በላይ መንፋት ያቆስለዋል።

አባትዎ የነበሩበትን አሠራር እኛ «ቮሊዩም ኮንትሮል» እንለዋለን። ሐኪሙ የትንፋሹን መጠን፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥና አየሩ በምን ፍጥነት እንደሚገባ ያዛል። ማሽኑ ደረቱ ቢለሰልስም ቢጠጥርም 400ውን ይገፋል። በሽተኛው ላይ የሚደርሰው ለውጥ የሚታየው እንግዲህ አየሩን ለማስገባት በሚያስፈልገው ግፊት ነው። እኔም ወደ አልጋው ስቀርብ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አንድ ሌሊት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ የአንድ አዛውንት የአየር ግፊት (የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው) ከ22 ወደ 38 ወጣ፤ አልፎ አልፎም 40 ላይ የተወሰነለትን ጣሪያ ይነካል። ጣሪያውን ሲነካ ማሽኑ ይጮኻል፣ አየሩንም እዚያው ያቋርጣል፤ ያን ጊዜ 400ው ሙሉ አይገባም። አየሩ ገብቶ እንዳበቃ ለአፍታ የሚያቆመውን ቁልፍ ተጫንኩ። አየሩ ሲቆም በአፋቸው የገባው የመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ የሚጋፋ ነገር አይኖርም፤ የሚቀረው ሳንባው ራሱ የሚመልሰው ግፊት ነው። 18 አነበብኩ። ሳንባው አልጠጠረም፣ የጠበበው መንገዱ ነው ማለት ነው። ቱቦው አልታጠፈም፣ ጥርሳቸውም አልነከሰውም። ሰክሽን ሳደርግላቸው፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ስስብላቸው፣ ወፍራም አክታ ወጣ፤ ግፊቱም ወደ 23 ወረደ። ያ 18 ያልኩት ከ30 በላይ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙን እየሮጥኩ ነበር የምጠራው፤ ሳንባው ጠጥሮ ወይም አየር ከሳንባው ሾልኮ ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላልና።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። በሽተኛው ራሱ አየር መሳብ ሲጀምር ማሽኑ ያውቅለታል፣ ያንኑ 400 ይሰጠዋል። በዚያች ቅጽበት የበለጠ ወይም የፈጠነ አየር ቢፈልግ ግን ይህ አሠራር አይጨምርለትም። አንገቱ ይሳባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የግፊት መስመር መሃሉ ላይ ይሰረጉዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የአየር ጥማት ነው፤ ቱቦ ያለበት ሰው አይናገርማ። አንዲት ልጅ «አባቴ አየር አልበቃውም፣ ፊቱን አውቀዋለሁ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ከሐኪሙ ጋር ሆነን የአየሩን ፍጥነት ከፍ ስናደርግላቸው፣ የተቋጠረው ግንባራቸው ቀስ እያለ ተፈታ።